ዋርፉን ከታች እዩት

ይህ በአንድ የወደብ ሠራተኞች፣ የመሐንዲሶችና የተማሪዎች ስብሰባ ላይ ያደረግሁት ንግግር ነው። የተናገርኩትን ብዙም ሳልነካካ አስቀምጬዋለሁ።

እንደምን አደራችሁ! ከኋላ ያላችሁ ይሰማል? ጥሩ። የቆማችሁ ወደ ፊት ኑ፤ እዚህ ባዶ ወንበር አለ።

የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ተማሪዎች፣ በተለይ ደግሞ ከሌሊት ፈረቃ ወጥታችሁ ሳትተኙ በቀጥታ ወደዚህ የመጣችሁ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ከልብ አመሰግናለሁ።

በጥያቄ ልጀምር። እጃችሁን አውጡልኝ። ዋርፍ ላይ ቆሞ የሚያውቅ? ሁላችሁም። እሺ። ከዋርፍ ሥር ገብቶ፣ ቀና ብሎ የሶሌታውን፣ ማለትም የኮንክሪት ወለሉን፣ ሆድ ያየስ? አንድ፣ ሁለት፣ እዚያ ጥግ ሦስት፣ አራት... አምስት። ከእኔ ጋር ስድስት።

ሁላችንም እንቆምበታለን። ያየነው ግን ስድስት ነን። ዛሬ የመጣሁት ስለዚህ ላወራ ነው።

ለተማሪዎቹ ስል ሁለት ቃል ልበል። ዋርፍ የምንለው መርከብ ተጠግቶ የሚታሰርበት፣ ጭነት የሚወርድበትና የሚጫንበት መድረክ ነው። በጥቅሉ ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ ባለ እግር ነው። ባሕሩ ወለል ውስጥ ፓይል፣ ማለትም ረጅም ምሰሶ፣ ይተከላል፣ በፓይሎቹ ራስ ላይ ቢም፣ ማለትም አግዳሚ ተሸካሚ፣ ይጋደማል፣ ከቢሙ በላይ ሶሌታ ይፈስሳል። ሌላው ግድግዳ ነው። ከባሕሩ በኩል የብረት ሺት ፓይል (ጎን ለጎን የተጋጠመ የብረት ሳንቃ) ወይም ከባድ የድንጋይና የኮንክሪት ብሎክ ይቆማል፣ ከጀርባው አፈር ይሞላል። ሁለቱም ላይ ስትቆሙ የሚታያችሁ አንድ ነው፤ ጠፍጣፋ ሜዳ። ችግሩም እዚህ ላይ ነው። ሜዳ ይመስላል፤ ሜዳ ግን አይደለም።

ሦስት ነገር አነሳለሁ። አንደኛ፣ ያረጀ ዋርፍን የሚበላው ምንድን ነው? ሁለተኛ፣ እንዴት ነው የምናየው? ሦስተኛ፣ ካየን በኋላ ምን እናድርግ?

አንደኛው። የሚበላው ምንድን ነው?

ሥራ በጀመርኩ በመጀመሪያው ሳምንት አንድ አንጋፋ ፎርማን ነበሩ፤ ሁላችንም ጋሼ ነበር የምንላቸው። ባሕሩ ሲጎድል ጠብቀው በትንሽ ጀልባ ከዋርፉ ሥር ይዘውኝ ገቡ። ጨለማ ነው። ውሃው ፓይሎቹን እየላሰ ይንቦጫረቃል። ጋሼ መዶሻቸውን አውጥተው አንዱን ቢም መቱት። ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠ። «ስማ» አሉኝ። ሁለት ሜትር ያህል ፈቀቅ ብለው ደግመው መቱ። ዱብ አለ። ባዶ ቅል እንደመምታት ነው። «ይሄንንም ስማ» አሉኝ። ከዚያ ጣታቸውን አንድ ስንጥቅ ውስጥ አስገብተው ሳብ ሲያደርጉ፣ የመዳፍ ስፋት ያለው ኮንክሪት ተገንጥሎ ውሃው ውስጥ ገባ። ከጀርባው ፌሮው ታየ። በስዕሉ ላይ 25 ሚሊ ሜትር ነው። ያየሁት ግን ከእርሳስ አይወፍርም።

በዚያው ቅጽበት ከላያችን ከባድ መኪና አለፈ። አቧራ ራሳችን ላይ ረገፈ። እስከ ዛሬ የዚያ አቧራ ስሜት አይጠፋኝም።

ያንን ፌሮ ማን በላው? ጨው። ኮንክሪት ለዓይን ድፍን ይመስላል፤ ውስጡ ግን በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተሞላ ነው። ሲሚንቶ በተፈጥሮው አልካላይን ነው፣ ፒኤችው 12 እና 13 ይደርሳል። በዚህ ሁኔታ ውስጥ ያለ ፌሮ ላዩ ላይ ቀጭን መከላከያ ሽፋን ይሠራል። ያ ሽፋን እስካለ ድረስ አይዝግም። ከባሕር ውሃው ጨው የሚመጣው ክሎራይድ ግን ቀስ እያለ ይገባል። በዓመት ትንሽ፣ በዓመት ትንሽ። አሥር ዓመት፣ ሃያ ዓመት ምንም አይታይም። ፌሮው ጋ በበቂ መጠን ሲደርስ ያንን ሽፋን ይሰብረዋል። ዝገቱ ይጀምራል።

ዝገት ደግሞ ቦታ ይፈልጋል። ከተነሣበት ብረት ከሁለት እስከ ስድስት እጥፍ ያብጣል። ታዲያ ያ ሁሉ እብጠት የት ይግባ? ኮንክሪቱን ከውስጥ ይገፋዋል። መጀመሪያ የፌሮውን መስመር ተከትሎ ቀጭን ስንጥቅ ይወጣል። ቀጥሎ ቡናማ እንባ ይወርዳል። ቀጥሎ ሽፋኑ ይለያያል፤ መዶሻው «ዱብ» የሚለው ያን ጊዜ ነው። በመጨረሻ ይረግፋል። ስለዚህ ረግፎ ስታዩት ነገሩ የጀመረው ዛሬ እንዳይመስላችሁ። ከብዙ ዓመት በፊት የጀመረ ነው።

አንዳንዴ ሰዎች «ሮማውያን የሠሩት ኮንክሪት 2000 ዓመት ባሕር ውስጥ ቆይቶ የለም ወይ?» ይሉኛል። እውነት ነው። ሄሮድስ ያሠራው የቂሣርያ ወደብ ቅሪት ዛሬም ባሕር ውስጥ አለ። ኖራን ከእሳተ ገሞራ አመድ ጋር ነበር የሚቀላቅሉት፤ ድንቅ ሥራ ነው። ግን አንድ ነገር አትርሱ። ውስጡ ፌሮ የለም። የሚያብጥ ነገር የለውም። እኛ ፌሮ ያስገባነው ኮንክሪት ሲጫኑት ጠንካራ፣ ሲስቡት ግን ደካማ ስለሆነ ነው። ፌሮው ረጅም ቢም ሰጠን፣ ከባድ ክሬን እንድንሸከም አስቻለን። ከዚያ ጋር ግን ጠባቂነቱም ተሰጠን።

አሁን ወደ ብረቱ ልምጣ። ብረት ባሕር ውስጥ በሁሉም ቦታ እኩል አይበላም። ማዕበል የሚረጨው ቦታ ላይ ክፉኛ ይበላል፣ እርጥበትም አየርም እንደ ልብ ስላለ። ይህን ብዙ ሰው ያውቃል፣ ቀለምም ይቀባል። ብዙ ሰው የማያየው ሌላ ቦታ አለ። ባሕሩ እስከ መጨረሻው ሲጎድል ከሚደርስበት መስመር ትንሽ ዝቅ ብሎ ያለው ነው።

ልንገራችሁ። አንድ ወደብ፣ ስሙን አልጠራም፣ ሺት ፓይል ግድግዳ ነበረው። ከላይ ሲታይ ቀለሙ አምሮ ነበር። ከግድግዳው ጀርባ ግን አስፋልቱ ላይ አንድ ቦታ በየዓመቱ ይሰምጣል። በየዓመቱ አንድ መኪና ጠጠር ይመጣል፣ ይሞላል፣ ይደመደማል። በየዓመቱ! ጠጠሩ የት ነው የሚሄደው ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም። ጠላቂ አስገባን። ወጣና እንዲህ አለኝ። ብርቱካንማ ለስላሳ እብጠት አገኘሁ፣ በእጄ ጠረግሁት፤ ሥሩ ጥቁር ዝቃጭ ነው፣ እሱንም ጠረግሁት፤ ከሱ ሥር ብረቱ እንደ አዲስ ያበራል፣ ግን ጎድጓዳ ነው። የዛጎል መፋቂያውን ሲያስጠጋው በዚያኛው በኩል ወጣ። ጓንቱን ሳሸተው የተበላሸ እንቁላል ይሸታል።

ሽታው የሰልፈር ነው። ሥራው የባክቴሪያ ነው። ሰልፌትን የሚቀንሱና ሰልፈርን የሚያቃጥሉ ባክቴሪያዎች አብረው ሆነው ብረቱን ይበሉታል። በተለመደው ሁኔታ ባሕር ውስጥ ያለ ብረት በዓመት የሚያጣው በአብዛኛው የሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። ይህ ዓይነቱ ግን በዓመት ግማሽ ሚሊ ሜትር፣ አንዳንዴም አንድ ሚሊና ከዚያ በላይ ይወስዳል። አስሉት። 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ግድግዳ ስንት ዓመት ይቆያል? ለ50 ዓመት የታሰበ ነገር በ20 ዓመት ይበሳል። ከተበሳ በኋላ ባሕሩ በሞላና በጎደለ ቁጥር ከጀርባው ያለውን አፈር ትንሽ ትንሽ እየመጠጠ ያወጣዋል። የዚያ ሁሉ ዓመት ጠጠር ባሕር ውስጥ ነበር።

አበው «እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ» የሚሉት ይህንን ነው።

ስለ እንጨት በአጭሩ። እንጨት ፓይል ያላችሁ፣ ትሬዶ የሚባለውን ፍጡር እወቁት። ትል ይመስላል፣ ግን የዛጎል ዘመድ ነው። ሲገባ ቀዳዳው በጣም ትንሽ ስለሆነ ከውጭ እንጨቱ ጤነኛ ነው፣ ውስጡ ወንፊት ሆኗል። የሚቀጥሉትን ዓመታት በፈረንጆቹ ነው የምጠራው። በ1731 በኔዘርላንድ የባሕር መከላከያ ግድቦች እንጨት ላይ ተገኝቶ አገሩን አስደነገጠ። ከ1919 እስከ 1921 ባለው ጊዜ በሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ ብዙ ዋርፎችን አፈረሰ። እንጨት ላይ ከውጭ ማየት ብቻ አይበቃም፤ ይሰርሰር፣ ናሙና ይውጣ።

ጨው አለ፣ ባክቴሪያ አለ፣ ትሬዶ አለ። እኛስ? እኛም እንበላዋለን። ይህን በግልጽ መነጋገር አለብን።

በ1956 አይዲያል ኤክስ የምትባለው መርከብ 58 ኮንቴይነር ጭና ስትነሣ የኮንቴይነር ዘመን ተጀመረ። ዛሬ ከ24,000 በላይ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር የሚይዙ መርከቦች አሉ። በየወደባችሁ ያለው ዋርፍ የተሠራው ለየትኛው መርከብ ነው? ለአያቱ ነው፣ የልጅ ልጁ ነው እየመጣ ያለው። መርከብ ሲጠጋ የሚያመጣው ጉልበት በፍጥነቱ ካሬ ነው የሚያድገው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ነው። ያንን የሚውጠው ፌንደሩ፣ ዋርፉ ፊት ላይ የሚታሰረው የጎማ መከላከያ፣ ነው። አንድ ፌንደር ተገንጥሎ ለወራት ሳይተካ ሲቀር፣ መርከቡ ቢሙን ራሱን ነው የሚመታው። አንድ ጎማ ጠፋ ብሎ ነገሩን ማቃለል አይገባም።

ደግሞ ፕሮፔለሩ አለ። ትልቅ መርከብ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ሞተሩን ሲያስነሳ ከሥሩ ያለውን የባሕር ወለል ይቆፍረዋል። ግድግዳውን ከእግሩ የሚደግፈው ያ ወለል ነው። ጥልቀት ለመጨመር ተብሎ ሲጠረግም እንደዚሁ። አንድ ሜትር ተጨማሪ ቆፍረው ሲሄዱ ላይ ያለው ሰው ምንም አይታየውም። ግድግዳው ግን ግማሽ እግሩን አጥቶ ነው የቆመው። ቁፋሮ ሊደረግ ሲል «የግድግዳውን ስሌት ማን አየው?» ብላችሁ ጠይቁ። መጠየቅ መብታችሁ ነው።

ወደ ሁለተኛው ልለፍ። እንዴት ነው የምናየው?

እነዚያ ጋሼ አንድ ደብተር ነበራቸው። ጠንካራ ሽፋን ያለው፣ ጠርዙ በጨው የነጣ። ለእያንዳንዱ ፓይል አንድ ገጽ። ፓይሎቹ ሁሉ በቀለም ቁጥር ተጽፎባቸዋል። ስንጥቅ ሲያዩ ጫፉ ላይ በእርሳስ ሰረዝ ያደርጉና ቀን ይጽፉበታል፣ እዚያው ኮንክሪቱ ላይ። በሚቀጥለው ዓመት ሲመጡ ስንጥቁ ሰረዙን አልፎ ከሆነ አዲስ ሰረዝ፣ አዲስ ቀን። አንድ ቢም ላይ የአሥራ አንድ ዓመት ሰረዝ ተደርድሮ አይቻለሁ። ያ ቢም የሕይወት ታሪኩን ላዩ ላይ ተሸክሞ ነበር።

ዛሬ ድሮን አለን፣ ጥሩ ካሜራ አለን፣ ሶናር አለን። እጅግ ደስ ይለኛል። ግን አንድ ነገር ልለምናችሁ። ቁጥር የሌለው ፓይል ፎቶ ዋጋ የለውም። «የተጎዳ ፓይል» የሚል ፎቶ 300 ፓይል ባለበት ዋርፍ ላይ ምን ይጠቅማል? የትኛው? በየትኛው በኩል? ካለፈው ጊዜ ጋር ሲነጻጸርስ?

መዶሻውን አትናቁ። መዶሻ የተለያየውን ኮንክሪት ይነግራችኋል። ገና ያልተለያየውን ግን አይነግራችሁም። ለዚያ ኮንክሪቱን በየጥልቀቱ ሰርስሮ ዱቄቱን ማውጣትና ክሎራይዱን መለካት ነው። ጨው የት ደርሷል? ፌሮው ጋ ለመድረስ ስንት ሴንቲ ሜትር ቀርቶታል? ይህ ቁጥር የወደፊቱን ያሳያችኋል። የፌሮውን የኤሌክትሪክ ፖቴንሺያል መለካትም አለ። ከመዳብ ሰልፌት ማጣቀሻ ጋር ሲለካ ከ350 ሚሊ ቮልት በላይ ወደ አሉታዊው ከሄደ፣ ዝገት የመኖሩ ዕድል ከ90 በመቶ በላይ ነው ይባላል። ሁልጊዜ ውሃ ውስጥ ባለ ኮንክሪት ላይ ግን ይህ ቁጥር ያሳስታል። እዚያ ኦክስጅን በጣም ስለሚያንስ ቁጥሩ ያስፈራል፣ ፌሮው ግን ደህና ሊሆን ይችላል። መሣሪያ የያዘ ሁሉ አዋቂ አይደለም፤ ቁጥሩን የሚያነብ ሰው ያስፈልጋል።

ከውሃ በታችስ? ጠላቂ ስትልኩ ምን እንዲሠራ እንደላካችሁት እወቁ። ሁሉንም ፓይል በዓይንና በእጅ ማየት አንድ ደረጃ ነው። የተወሰኑትን ዛጎልና አልጌውን ፍቆ ማየት ሁለተኛ ደረጃ ነው። ጥቂቶቹን በአልትራሳውንድ ውፍረታቸውን መለካት ሦስተኛ ነው። ዛጎል ያልተፋቀለትን ፓይል አየሁት ማለት፣ ካፖርት የለበሰ ሰው ጀርባው ላይ ቁስል እንደሌለ አረጋገጥኩ እንደማለት ነው። ጠላቂዎቻችን የሚሠሩት በሚቀዘቅዝና በደፈረሰ ውሃ ውስጥ ነው፣ ብዙ ጊዜ በዳሰሳ። «ቶሎ ጨርስ፣ መርከብ እየመጣ ነው» አትበሏቸው። እባካችሁ!

ሦስተኛው። ካየን በኋላ ምን እናድርግ?

ደ ሲተር የሚባል መሐንዲስ በ1984 ያስቀመጠው አንድ የታወቀ ደንብ አለ። ሲሠራ በአንድ ብር በደንብ ሊደረግ የሚችል ነገር፣ ዝገት ሳይጀምር በጥገና 5 ብር፣ ከጀመረ በኋላ 25፣ ከፈረሰ በኋላ 125 ይፈጃል ይላል። ቁጥሩ በየቦታው ልክ ይህ ነው ማለት አይደለም። አካሄዱ ግን ይህ ነው። በየደረጃው አምስት እጥፍ! ሳይቃጠል በቅጠል የምንለው ነው።

ጥገና ስል ግን ቦያካ መቀባት ማለቴ አይደለም። እዚህ ላይ እኔ ራሴ ያጠፋሁትን ልናገር። ወጣት መሐንዲስ ሳለሁ አንድ ረድፍ ቢም አስጠገንኩ። የረገፈውን ቦታ አስፈልፍዬ፣ ፌሮውን አስፍቄ፣ ምርጥ አዲስ ኮንክሪት አስሞላሁ። አምሮ ነበር። በሦስተኛው ዓመት ተመልሼ ሳየው፣ የሞላሁት ቦታ ጤነኛ ነው፤ ዙሪያውን ግን በሙሉ ተሰንጥቋል። እንደ ክብ ቀለበት። ዝም ብዬ ቆሜ አየሁት። ምን ነበር የሆነው?

ብረት ሲዝግ አንዱ ቦታ አኖድ፣ ጎረቤቱ ካቶድ ይሆናል። የሚዝገው ቦታ እየተበላ ጎረቤቱን ይጠብቀዋል። እኔ የሚዝገውን አድኜ ጎረቤቱን ጠባቂ አሳጣሁት። ጎረቤቱ ደግሞ በጨው በተሞላ አሮጌ ኮንክሪት ውስጥ ነው የተቀመጠው። ወዲያው እሱ በተራው መዛግ ጀመረ። ስለዚህ ስትጠግኑ ድምፁ «ዱብ» ያለውን ብቻ አትፈልፍሉ። ጨው የገባበትን ሁሉ አውጡ። ከፌሮው ጀርባም ጣት እስኪገባ ድረስ ፈልፍሉ፣ ዙሪያውን አጽዱት። ጨው የነካውን ኮንክሪት ሁሉ ማውጣት ካልተቻለ ደግሞ ጥገናው ውስጥ ዚንክ አኖድ ቅበሩ፣ ወይም ለመዋቅሩ በሙሉ ካቶዲክ መከላከያ አስገቡ።

ይህ ካቶዲክ መከላከያ የሚሉት አዲስ ነገር አይደለም። በ1824 ሃምፍሪ ዴቪ የመርከቦችን የመዳብ ልባስ ከመበላት ለማዳን ከሌላ ብረት ጋር አገናኘው። ሐሳቡ ቀላል ነው። አንዱ ብረት ራሱን ለሌላው ይሰዋል። ዛሬ ለዋርፍ ፓይል የአሉሚኒየም ወይም የዚንክ አኖድ እናስራለን። እሱ ያልቃል፣ ፓይሉ ይተርፋል።

እንግዲህ አንድ ቀን አንድ ኃላፊ በኩራት «አኖዶቻችን ከአሥር ዓመት በኋላም እንደ አዲስ ናቸው» አለኝ። ልቤ ደነገጠ። አኖድ አሥር ዓመት ባሕር ውስጥ ቆይቶ አዲስ ከሆነ አልሠራም ማለት ነው። ማያያዣው ተበጥሷል፣ ወይም ከመጀመሪያውም አልተገናኘም። አኖድ መበላቱን ስታዩ ደስ ይበላችሁ። አለማለቁን ስታዩ ጠላቂ ላኩ። ፖቴንሺያሉን ለኩ።

ከዚህ በጣም የቀለሉ ሥራዎችም አሉ። የግድግዳው የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች ተደፍነዋል? ባሕሩ ሲጎድል ከጀርባ የቀረው ውሃ መውጫ ያጣና ግድግዳውን ይገፋዋል። አንድ ሰው፣ አንድ ብረት፣ አንድ ጠዋት ይበቃዋል። የቦላርዱ፣ የመርከብ ገመድ የሚታሰርበት አጭር ምሰሶ፣ ብሎኖች ከላይ ቀለም ተቀብተው ከሥር ተበልተዋል ወይ? መርከብ በንፋስ ቀን ሲስበው ያን ጊዜ ነው የምታውቁት፤ ገመድ አጠገብ የቆመው ልጅ ደግሞ ቀድሟችሁ ያውቀዋል። የሶሌታው መገጣጠሚያ ውሃ ያሳልፋል? ያ ውሃ የሚወርደው ቢሙ ላይ ነው።

ጭነት መቀነስም ጥገና ነው። ይህን መስማት የሚወድ ሥራ አስኪያጅ ጥቂት ነው፤ ቢሆንም እደግመዋለሁ። ጭነት መቀነስ ጥገና ነው። ተንቀሳቃሽ ክሬን እግሩን ሲዘረጋ ያ ሁሉ ክብደት አራት ትንንሽ ቦታ ላይ ነው የሚያርፈው። የተዳከመ ሶሌታ ላይ እግሩን እንዳያሳርፍ መከልከል፣ በቀለም ማስመር፣ ድንጋይ መደርደር በአንድ ቀን ይሠራል። መዝጋትም አለ። ፊላደልፊያ ውስጥ በ1909 የተሠራ አንድ አሮጌ ፒር፣ ወደ ውሃው ዘልቆ የገባ ዋርፍ፣ ነበር። የምሽት ክበብ ተከፈተበት። ስንጥቅ መታየቱ ታውቆ ነበር። አልተዘጋም። በፈረንጆቹ ሜይ 18 ቀን 2000 ማታ ወንዙ ውስጥ ገባ። ሦስት ሴቶች ሞቱ፣ ከ40 በላይ ሰው ቆሰለ። በአምስተርዳም በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 2020 ግሪምቡርግዋል የሚባለው ቦይ ግድግዳ ሲፈርስ ሰው አልተጎዳም። ከተማዋ 200 ኪሎ ሜትር ያህል አሮጌ ግድግዳ አላት፣ ብዙው የቆመው በእንጨት ፓይል ላይ ነው። በሁለቱ ቦታዎች መካከል ያለው ልዩነት በዚያች ደቂቃ ላዩ ላይ ማን ቆሞ ነበር የሚለው ብቻ ነው።

እኔም አንድ አለኝ። ቦታውን አልጠራም። ስለ አንድ ክፍል ሦስት ጊዜ ሪፖርት ጻፍኩ። ሦስቱንም ጊዜ «በሚቀጥለው በጀት ዓመት» ተባልኩ። ሦስተኛውን ካስገባሁ ከጥቂት ወራት በኋላ ሌሊት ስልክ ተደወለልኝ። ቢሙ ተቆርጦ ሶሌታው ወርዷል። ሰው አልሞተም። ግን በየቀኑ ጠዋት በዚያ ቦታ ላይ አራት ልጆች ቆመው ከመርከብ የሚወረወር ገመድ ይቀበሉ ነበር። ነግቶ ልጆቹ መጡ። ጉድጓዱ ጠርዝ ላይ ቆመው ወደ ታች አዩ። አንዱ ዘወር ብሎ «እርስዎ ያውቁ ነበር?» አለኝ።

አውቅ ነበር። ጽፌም ነበር። በወረቀት ላይ ትክክል ነበርኩ። ግን ሪፖርቴን የጻፍኩት ቢሮ ለተቀመጡት ብቻ ነበር። ላዩ ላይ ለሚቆሙት ልጆች አንድም ቀን ሄጄ አልነገርኳቸውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንኛውንም ምርመራ ስጨርስ መጀመሪያ የምነግረው ላዩ ላይ ለሚሠራው ሰው ነው። መሐንዲሶች፣ ይህን አደራ እላችኋለሁ። ሠራተኞች፣ እናንተም ጠይቁ። «የቆምኩበት ቢም ቁጥሩ ስንት ነው? መቼ ታየ?» በሉ። ኃላፊዎች፣ አዲስ ክሬን ሲገባ እናስመርቃለን፣ ደግ ነው። ከሥሩ ለታደሰው ፓይል ምርቃት የለውም፣ ስለዚህ በበጀት ቀን ተረስቶ ይቀራል። እናንተ አስታውሱት። ክሬኑ የቆመው በእሱ ላይ ነው።

ተማሪዎች፣ ነገ አዲስ ዋርፍ ስትነድፉ ከሥሩ ሰው የሚገባበት መንገድ ተዉለት። መሰላል፣ ጀልባ የሚያልፍበት ከፍታ፣ መብራት። እኛ አንዳንዱን ዋርፍ ማየት ያቃተን ስላልፈለግን ሳይሆን መግቢያ ስለሌለው ነው።

ጨርሻለሁ። ጥያቄ ያላችሁ ከሻይ በኋላ እዚሁ ነኝ። ከዚያ በፊት አንድ ማስታወቂያ። ነገ ባሕሩ የሚጎድለው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ከአዘጋጆቹ ጋር ተነጋግሬ ጀልባ ተፈቅዶልናል፣ አሥር ሰው ትይዛለች። መጀመሪያ የሌሊት ፈረቃ ልጆች ይመዝገቡ። የራስ ቁርና የሕይወት ጃኬት እዚያው አለ፣ ባትሪ ግን ይዛችሁ ኑ። መዶሻ እኔ አመጣለሁ።